ቁልፉ ይደበቅ፣ ዘዴው ይገለጥ

መካነ ሰላም ላይ ያለ አንድ ነጋዴ ለደሴ ደንበኛው በስልኩ ብር ሲልክ፣ ትእዛዙ ከእጁ እስከ ቴሌኮም ማማው ድረስ የሚጓዘው በአየር ላይ ነው። አየር አጥር የለውም። መሣሪያው ያለው ሰው ሞገዱን ከሩቅ ሆኖ ሊቀዳው ይችላል። በ4ጂ ኔትወርክ ላይ ምስጠራው በሥራ ላይ ከዋለ ግን የተቀዳው ነገር ለቀጂው የተዘበራረቀ የቁጥር ክምር ብቻ ነው። ክምሩን ወደ ትርጉም የሚመልሰው ቁልፉ ያለው ወገን ብቻ ነው።

በ4ጂ ስታንዳርድ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተቀመጡት ዋና ዋና ዘዴዎች ሦስት ናቸው፦ ስኖው 3ጂ፣ ኤኢኤስ እና ዙክ። ሦስቱም ላኪና ተቀባይ በአንድ የጋራ ቁልፍ የሚሠሩባቸው፣ ባለሙያዎች ሲሜትሪክ የሚሏቸው ዘዴዎች ናቸው። ሦስቱም የቆሙት በአንድ የአልጀብራ ክፍል ላይ ነው፤ ሒሳበኞች ውስን ፊልድ ይሉታል። ሐሳቡን በጽሑፍ ያሰፈረው ኤቫሪስት ጋሏ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1830 ሲታተም ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ለአንድ በሚደረግ የሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ ሞተ። ስለ ስልክም ስለ ኮምፒውተርም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የሠራው ሒሳብ ግን ዛሬ በየኪሳችን ውስጥ በየሰከንዱ ይሰላል።

ይህን ርዕስ ለሳምንቱ መጨረሻ ንባብ ያነሳሁት በአገራችን ስለ መረጃ ደኅንነት በተነሳ ቁጥር «የራሳችን ምስጠራ ይኑረን» የሚል ሐሳብ ስለሚደመጥ ነው። ሐሳቡ የሚመነጨው ከቅንነት ነው፤ መዘዙ ግን ከባድ ነው። አንድን አገር የሚጠብቃት ማንም ያላየው፣ በቤቷ የተሰፋ የምስጠራ ዘዴ አይደለም። የሚጠብቃት ዓለም ሁሉ ያየውንና የፈተነውን ዘዴ መርምሮ፣ ደካማውን ከጠንካራው የሚለይ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ ርቆ፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ባለ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ በጠመኔና በሰሌዳ ሊታነጽ ይችላል። ለምን እንደሆነ ከገዛ ፊደላችን ተነስተን እንየው።

ሰባቱ ቤቶችና 233

የፊደል ገበታችን ሰባት ቤቶች አሉት፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ግዕዙን 0፣ ካዕቡን 1፣ ሣልሱን 2፣ ራብዑን 3፣ ኃምሱን 4፣ ሳድሱን 5፣ ሳብዑን 6 ብለን እንቁጠራቸው። አሁን ስሌታችን በሰባት ላይ ይዞር፤ ውጤቱ 7 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ለሰባት አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንያዝ። ቁልፋችን «በ3 አባዛ፣ 2 ጨምር» ቢሆን፣ «ሰላም» የሚለው ቃል ምን ይሆናል? ሰ በግዕዝ ነው፤ 0 በ3 ተባዝቶ 2 ሲጨመርበት 2 ስለሚሆን ወደ ሲ ይሄዳል። ላ ራብዕ ነው፤ 3 በ3 ተባዝቶ 2 ሲጨመርበት 11፣ ቀሪው 4፣ ስለዚህ ሌ። ም ሳድስ ነው፤ 5 በ3 ተባዝቶ 2 ሲጨመርበት 17፣ ቀሪው 3፣ ስለዚህ ማ። «ሰላም» «ሲሌማ» ሆነ።

ተቀባዩ ወደ ኋላ እንዴት ይመለስ? 2 ይቀንሳል፤ ከዚያ በ3 ማካፈል አለበት። በሰባት ዙር ውስጥ ክፍልፋይ የለም፤ ነገር ግን 3 በ5 ሲባዛ 15፣ ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ በ5 ማባዛት በ3 እንደ ማካፈል ነው። ሌ ቁጥሩ 4 ነበር፤ 2 ሲቀነስ 2፣ በ5 ሲባዛ 10፣ ቀሪው 3፤ ላ ተመለሰች። ውስን ፊልድ ማለት ይኸው ነው፦ ቁጥሮቹ የተወሰኑ ሆነው፣ መደመርም መቀነስም ማባዛትም፣ ከዜሮ በቀር በየትኛውም ቁጥር ማካፈልም የሚቻልበት ዓለም። ሰባት ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር የማይካፈል በመሆኑ ይህ ይሳካል።

ሙሉውን ገበታ ብንወስድስ? ቨን ሳንጨምር 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ። ከሀ ጀምረን በመስመር ከ0 እስከ 230 እንቁጠራቸው፤ ሀ 0፣ ቸ 77፣ የ 154 ይሆናሉ። አሁን በ231 ዙር ውስጥ በ3 እናባዛ። 77 በ3 ሲባዛ ልክ 231 ነው፤ ቀሪው 0። 154 በ3 ሲባዛ 462፣ ማለትም ሁለት ጊዜ 231፤ ቀሪው አሁንም 0። ስለዚህ ሀ፣ ቸ እና የ ሦስቱም ወደ ሀ ይቀየራሉ። ተቀባዩ ሀ ሲደርሰው ከሦስቱ የትኛው እንደተላከለት የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ መልእክቱ ለጠላት ብቻ ሳይሆን ለወዳጅም ጠፋ። ምክንያቱ 231 የ3፣ የ7 እና የ11 ብዜት መሆኑ ነው።

መፍትሔው ቅርብ ነው። በ231ዱ ላይ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተትና አራት ነጥብን እንጨምር፤ 233 ይሆናል። 233 ብቸኛ ቁጥር ነው። በዚህ ዙር 77 በ3 ሲባዛ 231 ነው፤ ይህም ክፍተቱ ነው። 154 በ3 ሲባዛ 462፣ ቀሪው 229፤ ይህም ፕ ነው። ሦስቱ ፊደላት ሦስት የተለያየ ቦታ አገኙ። ለመመለስ በ78 ማባዛት ይበቃል፤ 3 በ78 ሲባዛ 234፣ ቀሪው 1 ነውና። ገበታችን በሁለት ምልክት ብቻ ተሟልቶ የጋሏ ፊልድ ሆነ።

«ከሠላምታ ጋር» የሚያወጣው ቁልፍ

እስከዚህ ድረስ የሠራነው ዘዴ ይመለሳል እንጂ አይጠብቅም። አንድ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ፊደል ስለሚተካ፣ በጽሑፉ ውስጥ የትኛው ምልክት እንደሚበዛ የቆጠረ ሰው ይፈታዋል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሌስተር ሒል የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ለዚህ መላ አቀረበ፦ ፊደላቱን አንድ በአንድ ከመተካት ይልቅ ጥንድ ጥንድ፣ ወይም ሦስት ሦስት እያደረጉ በማትሪክስ ማባዛት። አንዱ ፊደል ሲለወጥ የጎረቤቱም ውጤት አብሮ ይለወጣል፤ ቆጠራውም ይደናገራል። የእርሱ ስሌት በ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ላይ የሚዞር ነበር። 26 ብቸኛ ቁጥር ባለመሆኑ ብዙ ማትሪክሶች ለቁልፍነት አይበቁም ነበር፤ የእኛ 233 በዚህ ረገድ ይሻላል።

የሒል ዘዴ ውብ ነው። ስለዚህም ዛሬ ድረስ በመላው ዓለም የምርምር መጽሔቶች «የተሻሻለ የሒል ምስጠራ» የሚሉ ጽሑፎች በየጊዜው ይወጣሉ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍም የሚመች ርዕስ ነው። ማትሪክሱ ይተልቃል፣ ፊልዱ ይሰፋል፣ በመጨረሻም «የሚሞከሩት ቁልፎች ብዛት እጅግ ትልቅ ስለሆነ ዘዴው አይሰበርም» የሚል መደምደሚያ ይሰጣል። ስሕተቱ ያለው እዚህ መደምደሚያ ላይ ነው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አወጣጣችንን እናስብ። «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምራል፤ «ከሠላምታ ጋር» ብሎ ይጨርሳል። ከወረዳ ወደ ዞን የተላከ፣ በሒል ዘዴ ሁለት በሁለት በሆነ ማትሪክስ የተመሰጠረ ደብዳቤ የደረሰው ጠላፊ ይዘቱን ባያውቅም መዝጊያውን ይገምታል። ከ፣ ሠ፣ ላ፣ ም በእኛ አቆጣጠር 112፣ 28፣ 10፣ 26 ናቸው። ማትሪክሱ አራት የማይታወቁ ቁጥሮች አሉት፤ እነዚህ አራት ፊደላትም ከነተመሰጠሩ አቻዎቻቸው አራት እኩልታዎች ይሰጣሉ። እኩልታዎቹ አንድ ብቸኛ መልስ የሚኖራቸው ከፊደላቱ የሚሠራው ማትሪክስ ዲተርሚናንት ዜሮ ካልሆነ ነው። 112 በ26 ሲባዛ 2912፣ 28 በ10 ሲባዛ 280፤ ልዩነታቸው 2632፣ በ233 ዙር ቀሪው 69። ዜሮ አይደለም፤ ቁልፉ በሙሉ ተገለጠ። ጥንዶቹ በአንድ ፊደል ቢንሸራተቱና ሠላ፣ ምታ ተብለው ቢገጥሙ እንኳ ዲተርሚናንቱ 153 ሆኖ ያው ቁልፍ ይወጣል። ይህ ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ የሚያልቅ ሥራ ነው።

«ማትሪክሱን እናሳድገው» ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። አሥር በአሥር የሆነ ማትሪክስ በ233 ዙር ላይ ያለው የቁልፍ ብዛት 237 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ዓለም ሁሉ የሚተማመንበት ባለ 128 ቢት ኤኢኤስ ያለው የቁልፍ ብዛት ግን 39 አሃዝ ብቻ ነው። በብዛት ከሆነ የመጀመሪያው በማይነጻጸር ሁኔታ ይበልጣል። ሆኖም አሥር በአሥሩ ማትሪክስ የሚታወቅ 100 ያህል ፊደል ሲገኝለት፣ የኮሌጅ ተማሪ በሚያውቀው የእኩልታ አፈታት ይወድቃል። ጠላፊው ቁልፎቹን አንድ በአንድ አይሞክርም፤ በእኩልታው በኩል ይገባል። የአንድ ምስጠራ ጥንካሬ የሚለካው በቁልፉ ርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ ቁልፉና መልእክቱ የተሳሰሩበት እኩልታ ለመፈታት በሚጠይቀው ድካም ነው።

ማትሪክሱ ቦታውን ሲያገኝ

ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ ጠንካራ ምስጠራ ሁለት ነገር እንደሚያሻው አስቀመጠ። አንደኛው ቁልፉ ከውጤቱ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲወሳሰብ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ፊደል ተጽዕኖ በመላው ጽሑፍ ላይ እንዲሰራጭ ማድረግ ነው። ሒል ሁለተኛውን በሚያምር መንገድ ሠራ፤ የመጀመሪያውን አልሠራም። የእርሱ ዘዴ በሙሉ ቀጥተኛ ነው፤ እጥፍ ግብዓት እጥፍ ውጤት ይሰጣል። ቀጥተኛ የሆነ ነገር ደግሞ በእኩልታ ይፈታል።

ኤኢኤስ ሁለቱንም አጣምሮ የሠራ ዘዴ ነው። አሠራሩን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ እንየው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ በሦስት ባይት ያስቀምጠዋል። «ሰላም» በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ 225፣ 136፣ 176፣ ቀጥሎ 225፣ 136፣ 139፣ ቀጥሎ 225፣ 136፣ 157 ነው። 225 ሦስት ጊዜ፣ 136ም ሦስት ጊዜ ተደግመዋል። በፊደል ገበታችን የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ በየሦስት ባይቱ 225ን ይደጋግማል። ይህ ለጠላፊ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ጽሑፉን ሳያውቅ ሲሶውን አስቀድሞ ያውቃልና። በባይቶች ላይ የሚሠራ ደካማ ምስጠራ ከእንግሊዝኛ ይልቅ በአማርኛ ላይ ቶሎ የሚጋለጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ባይት ከ0 እስከ 255 ያሉትን 256 ቁጥሮች ይይዛል። 256 ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ በተራ ዙር ቢሰላ 2 በ128 ሲባዛ ዜሮ ይሆንና እንደ ሀ፣ ቸ እና የ ያለ ጥፋት ይደርሳል። የጋሏ ትልቅ ግኝት እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ 256 ሁለት ስምንት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ ስሌቱ በሌላ መንገድ ከተደነገገ 256 አባላት ያሉት ፊልድ አለ። እያንዳንዱ ባይት ስምንት ቢቶች ያሉት ፖሊኖሚያል ሆኖ ይታሰባል። ሲደመሩ ቢት ከቢት ብቻ ይገናኛል፤ «አንድ ያዝ» የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር ከራሱ ጋር ሲደመር ዜሮ ነው። ሲባዙ ደግሞ ውጤቱ ለአንድ የተወሰነ ባለስምንተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ተካፍሎ ቀሪው ይያዛል። በዚህ ዓለም 83 በ202 ሲባዛ 1 ነው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው ማለት ነው።

ኤኢኤስ የመጀመሪያውን የሻነን ትእዛዝ የሚፈጽመው በዚህ ግልባጭ ነው። እያንዳንዱን ባይት በግልባጩ ይተካዋል፤ ከዚያ ቢቶቹን አቀላቅሎ 99ን ይደምርበታል፤ ግልባጭ የሌለው ዜሮ ወደ 99 ይሄዳል። ግልባጭ መውሰድ ፈጽሞ ቀጥተኛ ያልሆነ ሥራ ነው፤ እጥፍ ግብዓት እጥፍ ውጤት አይሰጥም። በዚህም የሒል ዘዴን የጣለው ተራ የእኩልታ አፈታት ይሰናከላል። ሁለተኛውን ትእዛዝ የሚፈጽመው ደግሞ በዚያው ፊልድ ላይ አራት በአራት በሆነ ማትሪክስ በማባዛት ነው። የሒል ሐሳብ እዚህ ተመልሶ መጥቷል፤ አልተጣለም፣ ለብቻው ከመቆም ድኖ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ። ከ16ቱ ባይቶች አንዷ ብትለወጥ ሁለት ዙር ሳያልፍ ለውጡ 16ቱንም ይደርሳል። ባለ 128 ቢት ቁልፍ ያለው ኤኢኤስ አሥር ዙር አለው፤ በእያንዳንዱ ዙር ከቁልፉ የወጣ አዲስ ቁጥር ይደመርበታል።

አምባው በዘመኑ መሣሪያ ሲለካ

ኦገስት ኬርኮፍስ የተባለ የቋንቋ መምህር እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ወታደራዊ ምስጠራ ሲጽፍ፣ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ አይገባም ብሎ ደነገገ። የሚደበቀው ቁልፉ ብቻ ነው። በመቅደላ አካባቢ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባም። አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ምሽጋቸው ያደረጉት አምባ የት እንዳለ ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ በሮቹም የታወቁ ነበሩ። ኃይሉ በመሰወሩ ሳይሆን በገደሉ ነበር። ያ ገደል ለጦርና ለአሮጌ ጠመንጃ የማይደፈር ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው የወደቀው ግን ስናይደር ጠመንጃና ሮኬት፣ በዝሆን የተጓጓዘ ከባድ መድፍ ይዞ በመጣ የእንግሊዝ ሠራዊት ነው። ምሽግ የሚለካው ትናንት ባስቆመው መሣሪያ ሳይሆን ዛሬ በሚመጣበት ነው።

የምስጠራ ታሪክም ይህንኑ ይደግማል። ለሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ስልክ እ.ኤ.አ. በ1987 የተነደፈው ኤ5/1 የተባለ ምስጠራ ዝርዝሩ በምስጢር ተይዞ ነበር። ውስጡ ሁለት አባላት ብቻ ባሉት ፊልድ፣ በ0 እና በ1 ላይ የሚዞሩ ሦስት መዝገቦች ነበሩ፤ ርዝመታቸው 19፣ 22 እና 23 ቢት፣ በድምሩ 64። ምስጢሩ ከሰባት ዓመት በኋላ ሾለከ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሙሉ ዝርዝሩ ወጣ። ወዲያው ሒሳበኞች በአንድ የግል ኮምፒውተር የሚፈታበትን መንገድ አሳዩ። በምስጢር መቆየቱ ያተረፈው ነገር ቢኖር ጉድለቱ በጊዜ እንዳይታረም ማድረግ ብቻ ነው፤ ስሕተቱ ሲታወቅ ዘዴው በሚሊዮኖች ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የኤኢኤስ አወላለድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ስታንዳርድ ዲኢኤስ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የጸደቀ፣ 56 ቢት ቁልፍ ያለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ አንድ ማሽን በ56 ሰዓት ቁልፉን አገኘው። አሜሪካኖቹ ተተኪውን በጓዳ አልሠሩም። እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ሁሉ ጥሪ አቀረቡ፤ 15 ዘዴዎች ተወዳደሩ፤ ተወዳዳሪዎቹ የሌላውን ዘዴ ለመስበር በአደባባይ ተሻሙ። በጥቅምት ወር 2000 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው የሁለት ቤልጂየማውያን፣ የዮአን ዴመንና የቪንሰንት ራይመን ሥራ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ስታንዳርድ ሆኖ ወጣ። ኃያል የተባለች አገር የራሷን ምስጢር እንዲጠብቅ የሌላ አገር ሰዎች ዘዴ መረጠች። ያስተማመናት ሥራው የማን እንደሆነ አልነበረም፤ በሁሉ ፊት መፈተኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በዓለም ያሉ የዘርፉ ሊቃውንት ሞክረውታል። በባለ 128 ቢቱ ላይ በሙሉ ዙሮቹ የተገኘው እ.ኤ.አ. የ2011 ጥቃት ሥራውን በአራት እጥፍ ገደማ ብቻ የሚያቀል ነው፤ ከዚያ መጠን ቁጥር ላይ ለአራት ማካፈል በተግባር ምንም አይለውጥም።

አልጀብራ ለጠላፊውም ያገለግላል

ንድፉ በአልጀብራ ሲጻፍ ጥቃቱም በአልጀብራ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኩርቷና ፒየፕርዚክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባለ 128 ቢቱ ኤኢኤስ 1,600 የማይታወቁ ቢቶች ባሏቸው 8,000 ባለሁለተኛ ደረጃ እኩልታዎች ሊገለጽ እንደሚችል አሳዩ። እኩልታዎቹን በተግባር የሚፈታ መንገድ አልተገኘም፤ የባለሙያውን ዓለም ግን አስደነገጡ። የግልባጩ ስሌት ንጹሕና አጭር መሆኑ ለነዳፊው ጸጋ ሲሆን፣ ለጠላፊው ደግሞ የሚይዘው እጀታ ነው።

ይህ ፍልሚያ ዛሬ በአዲስ ሜዳ ቀጥሏል። አንድ ሰው መረጃውን ሳይገልጥ መረጃው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥባቸው አዳዲስ ሥርዓቶች፣ በባይት ሳይሆን በጣም ትልልቅ በሆኑ ፊልዶች ላይ የሚሠሩ ምስጠራዎችን ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረበው ሚምክ የተባለ ዘዴ ሙሉ ኃይሉን ያሳረፈው ቁጥርን ሦስት ጊዜ በራሱ በማባዛት ላይ ነው፤ በዙር በዙር ቁልፍ ይደመራል፣ ወደ ሦስተኛ ኃይል ይነሳል። እንዲህ ያለ ቀላልነት ያማልላል። ሆኖም ለዚሁ ዓላማ የተነደፈው ጃርቪስ የተባለ ሌላ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 ቀርቦ በዓመቱ በእኩልታ ማቃለያ ስልት ተሰበረ። ነዳፊዎቹ አላዋቂዎች አልነበሩም። ዘዴያቸውን በአደባባይ ስላቀረቡ ጉድለቱ የሰው ምስጢር ሳያስበላ ታወቀ። የተሳካ ሳይንስ የሚባለው ይህ ነው።

የሒሳቡን ወሰንም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በካናዳ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ባወጣው ሪፖርት፣ በቤልጂየምና በአሜሪካ ይሠሩ በነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ የጣሊያኑ ኩባንያ የሐኪንግ ቲም ሥሪት የሆነ የስለላ ሶፍትዌር ለመጫን እንደተሞከረ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ምስጠራውን መስበር አያሻውም፤ መልእክቱ ከመመስጠሩ በፊት ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ፣ ከተፈታም በኋላ ከስክሪኑ ላይ ያነበዋል። በአገራችን እጅግ በሚዘወተረው ቴሌግራምም ላይ፣ ተራው ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ ድረስ የተዘጋ አይደለም፤ ያ ጥበቃ የሚገኘው ምስጢራዊ ውይይት የሚለውን አማራጭ ለይተው ሲከፍቱ ነው። ጥሩ ምስጠራ በደካማ ስልክ፣ በተደጋገመ የይለፍ ቃል ወይም በግዴለሽ ሠራተኛ እጅ ሲወድቅ ዋጋ ያጣል።

ደጋው ላይ ምን ይሠራ?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጨዋታ አለመሆኑን ሕጎቻችን ይመሰክራሉ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በተከታታይ ወጥተዋል። የደቡብ ወሎ ቦረናና ሣይንት ገበሬ የጣት አሻራውን ፋይዳ ለተባለው ዲጂታል መታወቂያ ሰጥቶ ቁጥሩን ተቀብሏል ወይም በቅርቡ ይቀበላል። የጣት አሻራ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። ይህን መረጃ የያዘ ሥርዓት ሁሉ የሚጠበቅበት ምስጠራ ምን እንደሆነ መጠየቅ የገበሬው መብት ነው፤ መልሱን መርምሮ መመስከር ደግሞ የተማረው ሰው ግዴታ ነው።

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ረጅሙን መንገድ አቋርጠው ለሚደርሱት ተማሪዎች ውድ ላቦራቶሪ ማቅረብ ከባድ ነው። የምስጠራ ምርምር ግን በድህነት ከማይሸነፉ ጥቂት ሳይንሶች አንዱ ነው። ከላይ ያየነው የሒል ዘዴ ስብራት ሰሌዳ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። 16 አባላት ብቻ ባሉት ፊልድ ላይ የተሠሩ፣ አጠቃላይ አወቃቀሩን የጠበቁ ትንንሽ የኤኢኤስ ሞዴሎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለጥናት ታትመዋል፤ ተማሪው በእጁ አስልቶ ሊፈትናቸው ይችላል። ሴጅማዝ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለሒሳብና ለኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች ሦስት ነገር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ አዲስ ምስጠራ አቀረብኩ የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ የጥቃት ምዕራፍ ይኑረው፤ ምዕራፉንም ዘዴውን ያልነደፈ ሌላ ተማሪ ይጻፈው። የቁልፍ ብዛት ሠንጠረዥ ለጥንካሬ ማስረጃ ሆኖ አይቆጠር። ሁለተኛው፣ የአማርኛ ጽሑፍ ጠባይ ይጠና፤ የፊደሎቻችን ድግግሞሽ፣ የደብዳቤዎቻችን ቋሚ አከፋፈትና አዘጋግ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የሚደጋገሙት ባይቶች ለጠላፊ የሚሰጡት ፍንጭ በቁጥር ይቀመጥ። ይህን ሥራ የቤልጂየም ሊቅ አይሠራልንም፤ የእኛ ነው። ሦስተኛው፣ ውስን ፊልድ በአማርኛ ምሳሌ ይሰጥ። ሰባቱን ቤቶች ቆጥሮ ያደገ ልጅ በሰባት ዙር ማካፈልን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም።

ለመሥሪያ ቤቶች ያለኝ ምክር ከዚህም ያጠረ ነው። አንድ አቅራቢ «ምስጠራችን የራሳችን ነው፣ አሠራሩ ምስጢር ነው» ካለ አይግዙት። የታወቀውን ስታንዳርድ ይጠቀሙ፤ ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚቀየር፣ ሠራተኛ ሲለቅ ማን እንደሚረከበው በመወሰን ላይ ያውሉት። መረጃ የሚሾልከው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ቀዳዳዎች ነውና።

የራሳችን የሆነ ምስጠራ እንዲኖረን የሚመኝ ሰው ምኞቱን እንዲተው አልጠይቅም። ቅደም ተከተሉን እንዲያስተካክል ግን እጠይቃለሁ። ዴመንና ራይመን ሌሎች የሠሯቸው ምስጠራዎች የተሰበሩባቸውን ጥቃቶች አንድ በአንድ ካጠኑ በኋላ ነው እስካሁን በተግባር ያልተሰበረውን የነደፉት። ከመካነ ሰላም የሚወጣ ወጣት በዓለም መድረክ ላይ የአንድን ታዋቂ ዘዴ ጉድለት በአልጀብራ አሳይቶ ስሙ የተጠራ ቀን፣ ቀጥሎ የሚነድፈውን ዘዴ ዓለም ቁጭ ብሎ ይመረምርለታል። እስከዚያው የምናበጀው ሰው እንጂ ምስጢራዊ ዘዴ አይሁን።